የመጀመሪያው ቀን እንገር

እትዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? በፖስት ካርዱ ሥዕል ላይ ያለውን ሐይቅ አይመኑት፤ ለስልጠና መጥቼ የማየው የአሳማ በረት ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት አንዷ አሳማ አሥራ አንድ ወለደች። እንደለመድኩት ግልገሎቹን አንስቼ የሙቀት መብራት ያለበት ሳጥን ውስጥ ልከታቸው ስል፣ የበረቱ ኃላፊ ሴትዮ እጄን ያዘችኝ።

«እንገር ሳይጠቡ ወዴት ነው?»

ለካ የአሳማ ግልገል በሽታ መከላከያ ይዞ አይወለድም። እናቱ ናት በእንገሯ የምትሰጠው፤ እሱም በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ካለፈ በኋላ ቢጠባም አንጀቱ አያስገባውም።

እኛ ደግሞ አገር ቤት፣ ከእርስዎ ጋር በሠራንበት በረት፣ «እናቲቱ ተኝታባቸው ትጨፈልቃቸዋለች» ብለን እስከ ማግስቱ ሳጥን ውስጥ እያቆየን የላም ወተት በጡጦ አጠጣናቸው። እርስዎ «ኧረ ልጆች፣ መጀመሪያ ከእናታቸው ይጥቡ!» ሲሉን «እማማ እንገር» እያልን ሳቅንብዎ። ተቅማጥ ሲፈጃቸው ደግሞ «በቆሻሻ እጇ ነክታ በሽታ አስገባች» ተብለው ከሥራ ተባረሩ። እርስዎ በነፃ የነገሩንን ለመማር እኔ ባሕር ተሻገርኩ። ያሳፍራል!

ልጆችዎን ይሳሙልኝ፤ የወገብ ሕመምዎንም ይታከሙት፣ ችላ አይበሉት።

ቦታው ስላለቀ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው። ግልገሎቹ በተወለዱበት ቀን ሁለቱን በሽርጥዎ ሸፍነው እናታቸው ጋ ሲያስጠቡ አይቼ ለአለቃ የነገርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሁሉ ግልገል የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የእርስዎ ሁለቱ።