የአባቷን ስም የቀየርሁባት ልጅሽ

ይድረስ ለአንዲት እህቴ ለእሌኒ፣ ባለሽበት ሌኒንግራድ።

እንደምን ከርመሻል እሌንዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የጻፍሽልኝ ብርድ ቀለል አለ ወይስ እንደ ያዘሽ ነው? ሳሉስ ለቀቀሽ? እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ፣ ትምህርትሽ ሁሉ እንደምን ነው? እኛ በእመቤታችን አማላጅነት በአካል ደኅና ነን። ባለቤቴ አዘዘም የፋብሪካው ሥራ ካመጣበት የወገብ ሕመም በቀር ደኅና ነው። አደይም ደኅና ናት፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲሶቹ ብቅ ብቅ እያሉ ነው። እኔ ግን አካሌ እንጂ ልቤ ደኅና አይደለም። ምክንያቱን ዛሬ ሳልደብቅ እጽፍልሻለሁና እባክሽ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፤ መኻል ላይ ቀድደሽ እንዳትጥይው።

የታኅሣሥ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ትምህርትሽን ጨርሰሽ በሐምሌ እንደምትመጪ ሳነብ እልል ማለት ሲገባኝ ደብዳቤውን አጥፌ መቀነቴ ውስጥ ሸሸግሁት። በሆስፒታሉ ሕፃናት ክፍል ስትሠሪ የሰው ልጅ ባቀፍሽ ቁጥር ክንድሽ የሚያስታውሰው ትተሻት ስትሄጂ አደይ የነበራትን ክብደት እንደሆነ ጽፈሻል። እዚያ እናቶች የሦስት ወር ሕፃን ጠዋት ለሕፃናት መዋያ ሰጥተው ወደ ሥራ ሲሄዱ መጀመሪያ ጨካኞች መስለውሽ እንደነበር፣ ኋላ ግን "እነሱስ ማታ ይወስዱታል፤ ጨካኟ እኔ ነኝ" ብለሽ እንዳለቀስሽም ጽፈሻል። ቀጥለሽም "አደይ ስለ እኔ ምን ትላለች? ፎቶዬን ስታይ ታውቀኛለች ወይ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። እሌኒ፣ እስከ ዛሬ "ስምሽን ሳትጠራ አትውልም" እያልሁ የጻፍሁልሽ ሁሉ ውሸት ነው። አደይ አንቺ እናቷ መሆንሽን አታውቅም ነበር።

እንዴት እንደ ተጀመረ ልንገርሽ። አንቺ በሄድሽ በጥቂት ወር አፏን ፈታች፤ "እማ" አለች፤ ያለችውም ለእኔ ነው። ሕፃን የሚያጎርሰውን ይጠራል ብዬ ተውሁት፤ ይህ እንኳ ኃጢአት አይመስለኝም። እዚህ ሹም አቦ ሰፈር ቤት አግኝተን ስንዛወር ግን ጎረቤቱ ሁሉ አዲስ ሆነ፤ አንዱ ከወሎ፣ አንዱ ከሸዋ፣ አንዱ ከሐረር ለሥራ የመጣ ነው፤ የኋላችንን የሚያውቅ የለም። ልጅቱን አዝዬ ሲያዩኝ "የአደይ እናት" አሉኝ። ሁለት ልጅ መቅበሬን አንቺ ታውቂያለሽ፤ አንዱም ክርስትና እስኪነሣ አልቆየልኝም። በሠላሳ አራት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው እናት ተብዬ ስጠራ "አይደለሁም፣ አክስቷ ነኝ" ማለቱን ተውሁት። ነገ እነግራቸዋለሁ አልሁ። ነገ ነገ ሲባል አምስት ዓመት ሆነ። ፎቶሽን ከግድግዳ አውርጄ ከሳጥን ከትቼ ቆለፍሁበት፤ ከዚያ ወዲህ የላክሻቸውንም እዚያው ጨመርሁ። ቀዩን ሹራብ ስትልኪ "አክስትሽ እሌኒ ናት የላከችልሽ" ብዬ አለበስኋት። እጄን እንኳ አልከበደኝም።

ባለፈው ክረምት አንዲት ሩሲያዊት ልብስ ልታሰፋ ቤቴ መጣች። ጋሊና ትባላለች፤ ባሏ እዚህ ባሕር ዳር ያስተምራል። አማርኛዋን ከገበያ ነው የለቃቀመችው፤ ቢሆንም እንግባባለን። ወገቧን ስለካ ስለ ልጇ አጫወተችኝ። እሷና ባሏ ለሥራ ከአገር አገር ሲሉ ልጁን አራት ዓመት ያሳደገችው አያቱ ናት። ስትመለስ "ባያውቀኝስ" ብላ ስትፈራ፣ ልጁ በሩን ከፍቶ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። ለካ አያቲቱ ፎቶዋን ከአልጋው ራስጌ ሰቅላ በየጠዋቱ "እናትህን እንደምን አደርሽ በላት" ትለው ነበር። እኛ ደግሞ ፈረንጅ ልጁን ለሰው ጥሎ የሚሄድ አንጀተ ደንዳና ነው እያልን እናማለን! የማን አንጀት እንደ ደነደነ ያን ቀን አየሁት። ልኳን ተሳስቼ ቀሚሷን አጥብቤ ሰፋሁባትና እንደገና ፈትቼ ሰፋሁት።

ያኔ እንኳ ብመለስ ጥሩ ነበር። አልተመለስሁም፣ ባስሁ እንጂ። መስከረም ላይ አደይን አንደኛ ክፍል ላስመዘግብ ይዣት ሄድሁ። መዝጋቢው ቀና ሳይል "ስም?" አለኝ። "አደይ" አልሁ። "የአባት ስም?" አለኝ። የወላጅ አባቷ የክንዱ ስም እኮ ምላሴ ላይ ነበረ። አደይ ግን እጄን እንደ ያዘች ቀና ብላ አየችኝ። አዘዘን "አባባ" እያለች ያደገች ልጅ ናት፤ ክንዱ ብል "ክንዱ ማነው?" ልትለኝ ነው፤ ከኋላዬም የሹም አቦ ሴቶች ተሰልፈዋል። "አዘዘ" አልሁ። የአያቷን ሲጠይቀኝ የአዘዘን አባት ስም "ወልደ ሐዋርያት" አልሁ። ጻፈው፣ አለቀ። ክንዱ ጅጅጋ ጦርነት ላይ ሲወድቅ አንቺ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሽ። የልጁን ዓይን ሳያይ ሄደ፤ ለዚህ ዓለም የተረፈው እሷ ስትጠራ ከስሟ ቀጥሎ የሚሰማው ስሙ ብቻ ነበር። እሱን ነው ያጠፋሁበት።

አዘዘ ሲሰማ መሶቡን ገፍቶ ተነሣ። "የማን ቤት ፈርሶ የማን ሊበጅ ነው? ከሙት ሰው ላይ ይሰረቃል?" አለኝ። እኔ አለቀስሁ። እንባዬን ሲያይ ዝም እንደሚል አውቃለሁና አልቅሼ ዝም አሰኘሁት። በዚያ እንባዬ እንኳ ዛሬ አፍራለሁ።

በጥምቀት ሰሞን የክንዱ እናት እማማ ወለተ ሩፋኤል ከቆላ ድባ መጡ። ቁርጥማት እግራቸውን ይዟቸው አራት ዓመት አልመጡም ነበር፤ ዘንድሮ ግን "ሳልሞት የልጄን ልጅ ልያት" ብለው ሽንብራ አሸክመው፣ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እየተሸጋገሩ ደረሱ። አደይን ጉልበታቸው መካከል አቁመው ፀጉሯን እየደባበሱ፣ ትልቅ ሰው ሕፃን ሲያይ እንደሚጠይቀው "የማን ልጅ ነሽ?" አሏት። ጎመን እየቀነጠስሁ ነበር። አደይ ትምህርት ቤት እንደ ለመደችው ቀጥ ብላ ቆማ "አደይ አዘዘ ወልደ ሐዋርያት!" አለች። ደግመው ጠየቋት። ደግማ ተናገረች፤ ጎበዝ ሊሏት መስሏት ፈገግ አለች። እሳቸው አልጮሁም፣ አልረገሙኝም። ወደ እኔ ዞረው "የኔ ልጅ የሞተው ጅጅጋ ይመስለኝ ነበር" አሉኝ። ቤቴ እህል ሳይቀምሱ አደሩ፤ ጠዋት የልጅቱን ግንባር ስመው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ አልበላሁም አልጠጣሁም ብልሽ ማጋነን ይሆናል። በላሁ፣ ግን ጭድ ጭድ አለኝ። በመጨረሻ አዘዘ "ልቅሶውን ተዪና ሂጂ" ብሎ መኪና ላይ ሰቀለኝ። ሐሙሲት ላይ ሰዉ ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ እኔ አልወረድሁም፤ ብወርድ ወደ ኋላ የምመለስ መሰለኝ። ቆላ ድባ ደርሼ ከእማማ ወለተ ሩፋኤል ደጅ ድንጋይ አንሥቼ አንገቴ ላይ ተሸከምሁና፣ በደለኛ እንደሚያደርገው፣ በራቸው ላይ ተንበረከክሁ። የገበያ ቀን ነበር፤ ጎረቤቱ ወጣ፣ እህል የጫነው መንገደኛም ቆሞ አየኝ። እሳቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። "አውርጂው" አሉኝ። "ለኔ ድንጋይ አትሸከሚልኝ። ሂጂና ለልጂቱ ንገሪያት፤ የሚከብድሽ እሱ ነው።" ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ስሟን የሚያስተካክለው የቀበሌ ደብዳቤ ሲመጣ ነው፤ ቀበሌውም አባቷን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች ይፈልጋል። አንደኛዋ ምስክር ሆነው በዚያ እግራቸው እንደሚመጡ ቃል ሰጥተውኛል። የፊታችን ማክሰኞ ቀበሌ ቀርቤ በሹም አቦ ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ እናገራለሁ።

ለአደይ የነገርኋት ባለፈው እሑድ፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ጣና ዳር ወሰድኋት፤ ከዘጌ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ከሚያራግፉበት ቁጭ አልን። ፎቶዎችሽን ሁሉ፣ የክንዱንም ጭምር፣ ይዤ ነበር፤ አንድ በአንድ ጭኗ ላይ ዘረጋሁላት። "ይቺ አክስትሽ አይደለችም፣ የወለደችሽ እናትሽ ናት። ይህ ደግሞ ክንዱ ነው፣ አባትሽ ነው" አልኋት። አላለቀሰችም። ፎቶሽን አገላብጣ አየችና "ስሜን ታውቀዋለች?" አለችኝ። "ያወጣችልሽ እሷ ናት" አልኋት። ፎቶሽን ጭኗ ላይ መለሰችና ዞር ብላ "አንቺስ ማነሽ?" አለችኝ። "የሻሽወርቅ ነኝ" አልኋት፣ ለማላውቀው ሰው እንደምናገር።

ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። አንቺ በሰው አገር በረዶ ስትረግጪ አደራ የሰጠሽኝን ነው የበላሁት። ስትመጪ ልጅሽን ይዘሽ ብትሄጂ ከደጃፍ አልቆምብሽም፤ ልብሷን አጥቤ አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሺ እኔ ይዣት ልምጣ ወይስ አዘዘ ብቻ ይምጣ? ፊቴን ማየት ካልፈለግሽ አልቀየምሽም።

አዘዘ "እህቴን በሰላም ያግባልን" ይልሻል፤ ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ ካልጻፍሽ ብሎ ወረቀቱን የገዛው እሱ ነው። እማማ ወለተ ሩፋኤል "በሕይወት ካገኘኋት ሌላ አልለምንም በይልኝ" ብለውሻል። ጋሊናም ታሪክሽን ስነግራት ልታሰፋ ያመጣችውን ጨርቅ አጣጥፋ ወጣች፤ ኋላ ግን ለእህትሽ ሰላምታዬን ጻፊላት አለችኝ። አደይም ሰላም ትልሻለች ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አላለችም፣ ውሸት ደግሞ በቅቶኛል። ከእሑድ ወዲህ እኔንም በምንም ስም አልጠራችኝም። ውሃ ሲጠማት ከኋላዬ መጥታ ቀሚሴን ትጎትታለች፤ ስዞር ባዶ ኩባያዋን ታሳየኛለች።

እህትሽ የሻሽወርቅ
ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
የካቲት ፳ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.