እናትሽ ያልጣለችው ቃል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ለምንወድሽ ለቁንጥንጧ ልጃችን፣

እንዴት ሰነበትሽ የኔ ልጅ? ሥራውስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያማርራል። ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ አሁን ልምጣ ወይስ ኮንትራቴን ልጨርስ?» ስትዪኝ ወሬ ቀየርኩ። እናትሽ አጠገቤ ነበረች። ስለዚህ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

የስፌት መኪናዬን ከሱቅ ወደ ቤት አምጥቼዋለሁ። ሳሎን መስኮቱ ሥር አስቀምጬው፣ አንድ ዓይኔ መርፌው ላይ፣ አንድ ዓይኔ እናትሽ ላይ ነው። ብቻዋን ትቻት ስወጣ ምድጃውን ለኩሳ ትረሳዋለች። ደንበኞቼም ወደዚሁ ይመጣሉ፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ከእሷ እንግሊዝኛ ተምሮ ይሄዳል። አትሳቂ! ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረችው ነገር ብን ብሎ ጠፍቶ አንድ ቅጽል ብቻ ሙጭጭ ብሎባት ቀርቷል፤ ፎንድ የሚለው።

ባለፈው ሳምንት ያ ወሬኛው ፀጉር አስተካካይ በርጩማ ላይ ቆሞ፣ እኔ የሱሪውን ጫፍ በስፒል እይዝለታለሁ። እሷ ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ ፊቱ ተገተረች።

«ፎንድ ማለት ምን ማለት ነው?»

ሰውየው ስፒሉ እንዳይወጋው ንቅንቅ አይልም። «እኔ እንጃ እትዬ» አለ።

«ዱሮ ሞኝ፣ ቂል ማለት ነበር። ፎን ከሚል አሮጌ ቃል ነው የመጣው፤ እሱም ሞኝ ማለት ነው። ሰው ሲወድ ይጃጃል የለ? እየዋለ ሲያድር ሞኝነቱ ረገፈና መውደዱ ብቻ ቀረ። ደግሞ ዛሬ መንገድ ላይ ላየሃት አይባልም! አብሮህ ለኖረ፣ ለለመድከው ነው። እገሌን እወዳለሁ ስትል ከኋላው ኦፍ ካላስከተልክ ዜሮ ነው የምሰጥህ።»

ሁለታችንም ሳቅን። እንዲህ ስትናገር እኮ ምንም የጎደላት አይመስልም።

ቀጥሎ ምሳሌ ነው። ምሳሌዋን ታውቂዋለሽ፤ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ በጻፈችው ቁጥር አፍረሽ ቤት ስትገቢ ታኮርፊ ነበር። «አይ አም ፎንድ ኦፍ ማይ ዶተር»፤ ልጄን እወዳታለሁ ነው። የዚያን ቀን «አይ አም ፎንድ ኦፍ…» አለችና ቆመች። እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። ወደ እኔ ዞራ «ማንን ነበር?» አለችኝ።

«ልጅሽን» አልኳት።

«ልጅ አለኝ እንዴ?»

ፀጉር አስተካካዩ ስፒሉ እንደተሰካ ሱሪውን ለብሶ ሄደ።

ፎቶሽን አሳየኋት። «ደስ የምትል ልጅ ናት፤ የማን ናት?» አለች። በማግስቱ ግን ገና ከእንቅልፏ ስትነሳ በስምሽ ተጣራች፤ ትምህርት ቤት ረፈደባት ብላም ተቆጣችሽ። ገና ጨርሰሽ አልጠፋሽባትም፤ ትመጫለሽ፣ ትሄጃለሽ።

የእኔንማ ነገር ተዪው። «አንተ ልብስ ሰፊ» ነው የምትለኝ። ትናንት ሻይ ሳቀብላት «ሚስት አለችህ?» አለችኝ።

«አለችኝ።»

«ትወዳታለህ?»

«በጣም።»

«እንግዲያው ፎንድ ነህ» ብላ እጄን መታ መታ አደረገችው። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ካንቺ ምን እደብቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት «ኮንትራትሽን ጨርሺ፣ እኛ አለን» ልልሽ ነበር። አልቻልኩም። ስትመጪ በር ላይ «እማዬ» ብለሽ አትጠምጠሚባት፤ ትደነግጣለች። በርጩማዋ ላይ ቁጭ በይና ፎንድ ማለት ምን ማለት ነው ብለሽ ጠይቂያት። ሳታቋርጪ ስሚያት። ምሳሌው ላይ ስትቆም አንቺ ጨርሺላት።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናው፤ በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ፤ ክፉ አይንካሽ።

አባትሽ፣ ልብስ ሰፊው

እንዳልረሳው፦ መኪናው ላይ ክር ስቀይር እናትሽ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው አንስታ እንደ ተማሪ ደብተር አርማዋለች። ነጠላ ሰረዞቼን አስተካክላ፣ «ጽሕፈትህን አሻሽል» ብላ ጽፋብኛለች። መጀመሪያው ላይ «ልጃችን» ከሚለው ሥር ያለው ቀይ መስመርና የጥያቄ ምልክትም የእሷ ነው። ሌላ ወረቀት ላይ ልገለብጠው አስቤ ተውኩት። ቶሎ ነይ።