ዳለቻን ዳገት ላይ ያፈናት ነገር

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ ለአቶ ገብረ ጻድቅ፤
ሐዋሳ።

አባባ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የሐዋሳ ሙቀት እንደተመኘነው አላላልዎት ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይላል? እህል ይቀምሳሉ? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? እኛ፣ እኔም ባለቤቴ ታመነም ልጆቹም፣ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነን፤ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። ብርዱ ግን ዘንድሮ ጨክኗል። ደጅ ያደረ ውኃ ጠዋት ላይ እንደ መስታወት ቆዳ አውጥቶ ነው የምናገኘው። ባቄላውን ውርጭ ለበለበው፤ ገብሱ ግን እግዜር ይመስገን ቀድሞ ስለደረሰ ተርፎልናል።

ስልክ ብደውል ጆሮዎ ያስቸግርዎታል፤ ቅድስትም መሐል ሆና ስታስተላልፍልኝ ግማሹን ትቆርጠዋለች። ይህን ነገር ደግሞ ተቆርጦ እንዲደርስዎ አልፈለግኩም። ስለዚህ ልጇ ኤልሮኢ ቀስ እያለ ያንብብልዎ።

ነገሩ የዳለቻ ነው። ለቀለሟ ብለው ዳለቻ ያሏት አሮጌዋ ላንድክሩዘር፣ መሪዋን ለእኔ ትተውልኝ ከሄዱ በኋላ ደህና ስትሠራልኝ ቆይታ፣ ከመስቀል ወዲህ ዳገት ላይ ትለግም ጀመር። ከታች ከአልዩ አምባ ገበያ ስንነሣ ደህና ትመጣለች። ጠመዝማዛው መሐል ስንደርስ ነዳጅ ብረግጥ ብረግጥ ጉልበቷ ይከዳታል፤ ትንገዳገድና ቀጥ ትላለች። ጥቂት ካረፈች ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትነሣለች። ገበያተኛውም «ይህች አመለኛ ናት» እያለ ሸሸኝ። ሴት ስለምትነዳት ነው ያሉም አልጠፉ፤ እሱን እንኳ ለምጄዋለሁ።

ደብረ ብርሃን ወደ ወዳጅዎ ወደ መካኒኩ ባየው ጋራዥ ወስጄ አሳየኋት። የናፍጣ ፊልትሮዋን ቀየረ፣ ከመስመሩ አየር አስወጣ፣ ቱቦዎቿን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ከተማውን ሲዞርባት ምንም የላትም። እኔ አንኮበር መልሼ ዳገት ሳሳያት ያው ናት። ሐኪም ፊት ሕመሙ እንደሚጠፋበት በሽተኛ ሆነችብን። በመጨረሻ ባየው ተስፋ ቆረጠና «የናፍጣ ፖምፓዋ ሳይደክም አልቀረም፤ ተፈትቶ አዲስ አበባ መሄድ አለበት» አለኝ። ያ ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነው። እርስዎም «ብረት ናት፣ ሽጪያት» ብለው ልከውብኝ ስለነበር፣ ፈታትቶ ዕቃዋን ሊሸጥ የፈለገ አንድ የአረርቲ ነጋዴ መጥቶ አይቷት ሄደ። በሚቀጥለው ሳምንት ሊወስዳት ተቀጣጠርን። አባባ፣ እሺ ማለቱን አልኩ እንጂ ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም።

በዚህ መሐል ደብረ ብርሃን የዓይን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ለዘመቻ መጥተዋል ተባለ። እትዬ ዘርፈሽዋልን ያውቋቸዋል፤ ከአልዩ አምባ በላይ ያሉት፣ ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት ያለፋቸው። ወሬው ዘግይቶ ነው የደረሳቸው። የዘመቻው መዝጊያ ቀን ጠዋት የወንድማቸው ልጅ ፍቅርተማርያም ደወለችልኝ። የገበያ ቀን ስላልሆነ ሌላ መኪና አልወረደም። የዳለቻን አመል ነገርኳት። እሷም «እትዬ ከሌሊቱ ጀምረው ለብሰው ተቀምጠዋል» አለችኝ። ከዚህ በኋላ ምን እላለሁ? ወረድኩ።

እትዬ ዘርፈሽዋልንና ፍቅርተማርያምን ከኋላ አስቀምጬ፣ የዳለቻ የፊት ጎማዎችም እንዲጎትቱ ማርሹን አስገብቼ በዝግታ ወጣን። እንደፈራሁት ዳገቱ መሐል ስትደርስ ቀጥ አለች። ከአንዱ ጎን ገደል፣ ከሌላው ድንጋይ፤ ስልኩም መስመር የለውም። ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አስደግፌ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ከቀላሉ ጀመርኩ። ውኃዋ አልፈላም፣ ዘይቷ ልክ ነው። ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን፣ ናፍጣ የምትስበውን የእጅ ፓምፕ ስጫን ግን ወርዳ አልመለስ አለች፤ ከታች አንድ የሚስባት ነገር ያለ ይመስል። ናፍጣ አልቆ ይሆን ብዬ ወደ ኋላ ዞሬ የታንኩን መክደኛ ከፈትኩ።

ነፋሱ ጆሮዬን ስለደፈነው እኔ ምንም አልሰማሁም። እትዬ ዘርፈሽዋል ግን ከውስጥ ሆነው «ምሥራቄ፣ አሁን እፎይ ያለው ማነው?» አሉኝ። ማንም የለም ብላቸው «የለም፣ እዚህ ከእግሬ ሥር ነው። ታፍኖ የቆየ ሰው አየር ሲያገኝ እንዲህ ነው የሚተነፍሰው» ብለው እርግጠኛ ሆኑ። ሮጬ የእጅ ፓምፗን ብነካት እየተመለሰች ናት። ሞተሩን ባስነሣው በአንድ ጊዜ ተነሣ።

እኔ ግን ቶሎ አላመንኩም። መክደኛውን መልሼ አጥብቄ ዘጋሁና ነዳሁ። ጥቂት እንደሄድን መድከም ጀመረች። አቁሜ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ፣ ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ፉ...ት ብሎ አየሩ ወደ ውስጥ ሲገባ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት! አባባ፣ መክደኛው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለች፤ አቧራና ናፍጣ ተላቁጦ ደፍኗታል። ናፍጣው በተቀዳ ቁጥር ምትክ የሚገባ አየር ስለሌለ ታንኩ መልሶ ወደ ራሱ ይስባል፤ ሞተሩም ይራባል። ዳገት ላይ ብዙ ስለምትጠጣ እዚያ ባሰባት። ሳቄም ዕንባዬም እኩል መጣ። እትዬ ዘርፈሽዋልም «ተሻላት?» ይሉኛል፣ ስለ ሰው እንደሚጠየቅ።

ፍቅርተማርያም ከነጠላዋ ጥለት በታች ንጹሕ ቁራጭ ቀደደችልኝ። መክደኛውን ላላ አድርጌ በእሱ አሰርኩትና ነዳሁ። ጎረቤላን፣ ከዚያም ደጋውን ሜዳ አንድ ጊዜ ሳትሰናከል አለፈችው። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ መዝገቡን ዘግታ ተነሥታ ነበር። እትዬ ዘርፈሽዋልን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸውና ተመልሳ ተቀምጣ መዝገቡን ገለጠች። ያን ዕለት ከተሠራላቸው የመጨረሻዋ እሳቸው ናቸው።

ለባየው ነገሩን ስነግረው መክደኛውን ከእጄ ተቀበለኝ። በቀጭን ሽቦ ቀዳዳዋን ከፈተና «ስከፍተው እያዳንኳት፣ ስዘጋው እየገደልኳት ነበር እኮ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ጋራዥ ጤነኛ የምትሆነው ለካ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ስለሆነ ነው። ለአረርቲው ሰውዬም ደውዬ አልሸጥም አልኩት። ቅር ብሎታል፤ ግን ምረቃ አልነፈገኝም። እርስዎም እንዳይቀየሙኝ፤ ቃልዎን የተላለፍኩት በድፍረት ሳይሆን ጤነኛ መሆኗን በዓይኔ አይቼ ነው።

በማግስቱ የዓይናቸው መሸፈኛ ሲነሣላቸው አብሬ ነበርኩ። እትዬ ዘርፈሽዋል መጀመሪያ መስኮቱን አዩ፣ ቀጥሎ የገዛ እጃቸውን እያገላበጡ አዩ። ወደ እኔ ዞሩና «አንቺ ምሥራቅ ነሽ? ይህ ጥላሸት ነው ወይስ መልክሽ ነው?» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ስንመለስ ከፊት ወንበር አስቀመጥኳቸው። ቆላው የሚታይበት አፋፍ ላይ ስንደርስ አቁሚልኝ አሉኝ። ወርደው እያንዳንዱን አምባ በስሙ እየጠሩ ቆጠሩት። ነፋሱ ዓይናቸውን እንዳይጎዳው ብዬ ብጎትታቸውም «ትንሽ ቆዪኝ» እያሉ ከዚያ ለማንሣት ቸገረኝ። እኔም መቸኮሉን ተውኩት።

እንግዲህ የእህቴን የቅድስትን ጉንጮች ስሜያለሁ፤ እርስዎን በደንብ ትያዝልኝ። ለባሏ ለኤርሚያስ እንደ አማች ሳይሆን እንደ ወንድም ሰላም ብዬዋለሁ። ኤልሮኢ እዚህ ድረስ ካነበበ ጉሮሮውን ውኃ ያርስበት፤ ክረምት ሲመጣ እሸት ይጠብቀዋል። ታመነ ከጫማዎ ሥር ሆኖ እጅ ይነሣል። ልጆቹ አያታችን መቼ ነው የሚመጣው እያሉ ይነተርኩኛል። ባየውም ሰላም ብሎዎታል።

እትዬ ዘርፈሽዋል ደግሞ እንዲህ በይልኝ ብለው ልከውኛል፦ «ወደ ሐዋሳ ሲሄድ ደጄ መጥቶ የተሰናበተኝ ድምፁ ብቻ ነበር። ጉልበቱ ሻል ሲለው ይምጣ፤ ፊቱን ልየው።»

አክባሪ ልጅዎ
ምሥራቅ ገብረ ጻድቅ
አንኮበር፣ ጎረቤላ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.