ስለ ሠላሳ አንድ ክምር ፋንድያ እና ስለ ነጭ ድንጋዮቻችን፣ ለጥብቅ ደኑ ዋና ዳይሬክተር

ለክቡር አቶ ፌንግ ጂቻንግ
የሄይሺ ሸለቆ የግዙፍ ፓንዳ ጥብቅ ደን ዋና ዳይሬክተር

ክቡር ዋና ዳይሬክተር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ አዲሱ ሕንጻዎ የጸና፣ ጉልበትዎ በየወሩ ለሚመርቁት መወጣጫ ደረጃ ሁሉ የሚበቃ፣ ድምፅዎም በመንደራችን መግቢያ እንዳስተከሉት ማጉያ ከንጋት እስከ ምሽት የማይደክም ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ዩ ዌንታይ እባላለሁ፤ በግንብ መንደር ለአርባ ዓመት ልጆችን ፊደል አስቆጥሬ በጡረታ የተገለልሁ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ነኝ። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ቀደም ሲል አሽጌ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች በጽሕፈት ቤትዎ እጅግ በጥንቃቄ ስለ ተጠበቁ እስከ ዛሬ የከፈታቸው የለም። ይህን የመጠበቅ ተሰጥኦዎን ሳደንቅ፣ ከወረቀት አልፎ ወደ እንስሳትም ይደርስ ዘንድ እየለመንሁ ነው። ጉዳዬም አንድ ብቻ ነው፤ ፓንዳ የምትወልድበት የጥድ አናት ተረተር በሚመጣው የብሔራዊ በዓል ሳምንት ለጎብኚ እንዳይከፈት።

አቤቱታዬን ከመደርደሬ በፊት መንደራችንና ፓንዳ እንዴት እንደ ተዋወቁ ላስታውስዎ። ቀርከሃው ሁሉ አብቦ በደረቀበት ዓመት፣ እርስዎ ምናልባት ጡት በሚጠቡበት ዘመን፣ አንዲት የተራበች ፓንዳ ከተራራው ወርዳ በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ወደቀች። እኛም በር ገንጥለን፣ በበሩ ላይ ተሸክመን ወደ ሁለተኛ ክፍል አስገባናት፤ የበቆሎ ገንፎና የበግ አጥንት እየተመገበች ዐሥራ አንድ ቀን ተቀመጠች፤ በአምስተኛውም ቀን የተማሪዎቹን የስም መዝገብ ቀርጥፋ በላች፤ ስለዚህ በዚያ ዓመት ማን ከትምህርት እንደ ቀረ እስከ ዛሬ አይታወቅም። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ መጣ፤ በአግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቧ እየተኛ እስክትድን ጠበቃት። የምታበስልላቸው ሴትዮ «ከሁለቱ የሚሸተው ሰውየው ነው» እያለች ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን የዳይሬክተር መዓዛ ከመስኮቱ በተዘጋ መኪና ስለሚያልፍ፣ በዚህ ረገድ አንዳች ቅሬታ የለንም።

ከስምንት ዓመት በፊትም ከእርስዎ በፊት ከነበሩት ኃላፊ ጋር ተስማማን። እንግዳ በየቤታችን ያድራል፣ የመንደሩ ሰው ይመራዋል፣ በታችኛው መንገድ ይሄዳል፣ የቀድሞ አዳኞቻችን ጫካውን ይጠብቃሉ፣ የጥድ አናትን ግን ከጠባቂ በቀር ማንም አይረግጥም። ስምምነቱ ሠራ፤ እኛም ጠገብን፣ ፓንዳዋም በሰላም ወለደች። ጉድለቱ ይህ ብቻ ነበር፤ የሚመረቅ ነገር አልነበረውም።

አንደኛ፤ በመግቢያው ስላቆሙልን የሲሚንቶ ፓንዳ አመሰግናለሁ። የቤት ቁመት ያህላል፣ ይስቃል፣ አፉም የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነው። ሕፃናት ወደ ጉሮሮው የሙዝ ልጣጭ ሲወረውሩ ባየሁ ቁጥር የተፈጥሮ ፍቅር እንዴት እንደሚዘራ እማራለሁ።

ሁለተኛ፤ ይህ ስለ ፋንድያ ነው። በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ቃሉን በአደባባይ መጻፍ ቢያሳፍርም፣ ጽሕፈት ቤትዎ በዚህ ዘርፍ የሠራውን ታላቅ ሥራ በዝምታ ማለፍ ንፉግነት ይሆንብኛል። እንደሚያውቁት፣ ወይም ቢጠይቁን ኖሮ እንደሚያውቁት፣ ፓንዳ ለሰው አይታይም። ከቼንግዱ ከተማ የመጣች እንግዳ በአክስት ሊያንዚ ማደሪያ ቁርሷን በልታ፣ «አክስቴ፣ ፓንዳው በስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» ብላ ብትጠይቅ፣ ሊያንዚ ሳህኑን እያነሣች፣ «የኔ ልጅ፣ ስድሳ ዓመት እዚህ ኖሬ ያየሁት ሁለቴ ነው፤ ሁለቴም ያሳየኝ ቂጡን ነው» አለቻት። እንግዳዋ ስቃ ስቃ አንድ ሳምንት ቆየች። ጽሕፈት ቤትዎ ግን አልሳቀም። ጎብኚው ባዶ ዓይኑን መመለስ የለበትም በማለት፣ የጫካ ጠባቂያችን ሎንግ ሻንባኦ በየዓርቡ ከጥድ አናት የፓንዳ ፋንድያ በቅርጫት እየለቀመ አውርዶ በታችኛው መንገድ ዳር እንዲደረድር አዘዘ። ሻንባኦ በወጣትነቱ ከአዳኞች ሁሉ መጨረሻ ወጥመዱን ያስረከበ ሰው ነበር፤ ካስረከበ በኋላ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ከእርሱ የተሻለ ጠባቂ አልተገኘም፤ ትእዛዝም ያከብራል። «አለቃ፣ ትኩሱን ነው ወይስ የደረቀውን?» ብሎ በቅንነት ቢጠይቅ፣ «ፎቶ ላይ የሚያምረውን» ተባለ።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናዘዝ። «ፓንዳ አሁን በዚህ አልፏል» የሚለውን ሰሌዳ በብሩሽ የጻፍሁት እኔ ነኝ። የእጅ ጽሑፌን አመስግነውኝ ነበርና፣ በዚህ ዕድሜም ምስጋና ያሰክራል።

በጸደይም ፓንዳ ቆጣሪዎች ከከተማ መጡ። ፓንዳን የሚቆጥሩት እርሱን አይተው አይደለም፤ በፋንድያው ውስጥ ያለውን የቀርከሃ ቁራጭ ይለካሉ፤ የንክሻው ርዝመት አንዱን ከሌላው ለመለየት ይረዳቸዋልና። እነዚያ ትጉሃን ወጣቶች በታችኛው መንገድ ሠላሳ አንድ ክምር አገኙ። ሁሉም ከመንገዱ በስተቀኝ፣ ሁሉም በሃምሳ ሃምሳ እርምጃ ልዩነት ነበር። የፓንዳዎቻችን ሥርዓት አክባሪነት እንዲህ ያለ ሲሆን ማንም አለመደንገጡ እኔን አስደነገጠኝ። ንክሻው ቀድሞ በጥድ አናት ከተመዘገበው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ፤ የጥድ አናት ደግሞ ሻንባኦ አንድም ሳያስቀር ለቅሞት ነበርና ባዶ ሆነ። ስለዚህ ፓንዳዎቹ በሙሉ ወደ ታች መውረዳቸውና የጥድ አናትም «ከፓንዳ ነጻ» መሆኑ በማኅተም ተረጋገጠ።

ሻንባኦ ግን ዝም አላለም። ቆጣሪዎቹ ገና ሲለኩ ሮጦ ደርሶ፣ «ልጆቼ፣ ይሄ እኮ በኔ ጀርባ የመጣ ነው!» አላቸው። አብሯቸው የነበሩት ምክትልዎ፣ «አጎቴ፣ ሳይንስ ውስጥ አትግባ» አሉት። ሻንባኦም ቅርጫቱን አንሥቶ፣ «ታዲያ ሳይንሱን ማን ተሸክሞ አወረደው?» ብሎ ጠየቀ። የዚህ ጥያቄ መልስ በቆጠራው ዘገባ ገጾች ውስጥ ባለመገኘቱ፣ በሚቀጥለው እትም ይካተት ዘንድ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ሦስተኛው አቤቱታዬ ከሁለተኛው የተወለደ ነው። በዚያ ማኅተም መሠረት በጥድ አናት ላይ የመመልከቻ አዳራሽ ሊሠራ ተወሰነ፤ ለምርቃቱም በበዓሉ ሳምንት በቀን ሁለት ሺህ ሰው ይወጣል ተብሎ ታወጀ። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ተረተር ላይ ባሉት ያረጁ ጥዶች ባዶ ግንድ ውስጥ ጆሮዋ የተቀደደ አንዲት ፓንዳ አለች፤ በየሁለት ዓመቱ በእነዚሁ ወራት ትወልዳለች። ግልገሏ ሲወለድ አይጥ ያህላል፣ ጠጉርም የለውም፤ እናቱ ለቀናት ምግብ ሳትቀምስ በደረቷ አቅፋ ታሞቀዋለች። ሰው ካወካት ወይ ትታው ትሸሻለች፣ ወይ በአፏ አንጠልጥላ በብርድ ሌላ ጉድጓድ ፍለጋ ትሄዳለች። ሁለት ሺህ ሰው መጥቶ የሚመለከተው እንግዲህ ባዶ ጉድጓድ ነው።

እኛም ይህን ስለምናውቅ፣ አባቶቻችን ያደርጉ እንደ ነበረው በስድስተኛው የጨረቃ ወር ተራራውን ዘጋን። የመንደራችን ካህን፣ የሰማንያ አራት ዓመቱ አያት ያንግ፣ የፍየል ቆዳ ከበሯቸውን መቱ፤ ስድሳ ሁለቱም አባወራዎች ማሉ፤ በጥድ አናት መውጫ ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ነጭ ድንጋዮች ተደረደሩ። ከእነዚያ ድንጋዮች ወዲያ የሚያልፍ ሰው አሳማ አርዶ መንደሩን በሙሉ ያበላል፤ ከዚህ ሕግ ካህኑም አያመልጡም። የእርስዎ ቀያሾች ግን ድንጋዮቹን አይተው ውበታቸውን አደነቁ፤ አድንቀውም በመኪና ጭነው አወረዷቸው፤ ዛሬ በጽሕፈት ቤትዎ ፊት ለፊት፣ በመኪና ማቆሚያው አፍ ላይ፣ የአበባ መደብ ዙሪያ ተደርድረው ይገኛሉ። በመካከላቸው ያበበው ጽጌረዳ በእውነት ያማረ ነው።

መንደሩ ይህን ሲሰማ አንዳንዱ አለቀሰ፣ አንዳንዱም ዶማ አነሣ። አያት ያንግ ግን ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ዶማውን አስቀምጡ። ድንጋዩ የትም ይሁን የት ከበሮ ተመቶለታል። ከኋላው ያለው ሁሉ ዝግ ነው» አሉ። አክስት ሊያንዚ፣ «አያቴ፣ ከኋላው እኮ ያለው የዳይሬክተሩ ቢሮ ነው!» ብትላቸው፣ «እሳቸውንም አታውኳቸው፤ ማን ያውቃል፣ ወልደው ይሆናል» ብለው መለሱ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እኛ መሐላ አክባሪዎች እንደ መሆናችን፣ ከበሮ የተመታለትን ድንጋይ አልፈን ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ግቢ መግባት አንችልም። በምርቃቱ ዕለት መንገድ መሪ አይኖርዎትም፤ መሪዎቹ ሁሉ ከማሉት ስድሳ ሁለት ቤቶች ናቸውና። ምግብ አብሳይ፣ ዘፋኝና ከበሮ መቺም አይኖርዎትም። የፓንዳ ልብስ ለብሶ ከእንግዶች ጋር ፎቶ ሲነሣ የሚውለው የሊያንዚ ባልም ልብሱን አጥቦ መልሷል። የማደሪያ ቤቶቻችን በዚያ ሳምንት ይዘጋሉ፤ ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀው ሳምንት መሆኑን ከእርስዎ የሚሸሽግ የለም። አሳማውን በተመለከተ ግን፣ በየቀኑ ወደ ቢሮዎ ሲገቡ የሚተላለፉትን ሕግ ስለ ሥልጣንዎ ክብር በይቅርታ አልፈነዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዐሥራ ዘጠኙን ድንጋዮች በራስዎ ጀርባ ተሸክመው ወደ ጥድ አናት ይመልሱልን፤ መንገዱ የአራት ሰዓት አቀበት ነው፣ ሻንባኦም ቅርጫቱን ሊያውስዎ ፈቅዷል። ተረተሩም እስከ ጸደይ ተዘግቶ ይቆይ፤ ያኔ ቆጣሪዎቹ ተመልሰው ፋንድያውን በወደቀበት ስፍራ ይቁጠሩት። እኔም የጻፍሁትን ሰሌዳ በገዛ እጄ ነቅዬ አውርጃለሁ፤ እንግዶቻችንም ምንም ሳያዩ በደስታ ይመለሱ ዘንድ እንደ ቀድሞው እንተጋለን።

ለሸለቆው ካደረጉት ውለታ ሁሉ ይልቅ ገና ሳያደርጉ ስለ ቀሩት በጥልቅ እያመሰገንሁ፣ ከተከፈተው ደጄ ሆኜ የተከፈተ ልብ እመኝልዎታለሁ።

ትሑት አገልጋይዎ
ዩ ዌንታይ
ከግንብ መንደር

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ሻንባኦ ከጥበቃ ተመልሶ፣ ከአንድ ያረጀ ጥድ ግንድ ውስጥ የግልገል ድምፅ በሩቅ መስማቱን ነገረን። በግንዱ ላይ ቀያሾችዎ በቀይ ቀለም «17» ብለው ጽፈውበታል፤ ለአዳራሹ በር ሲባል የሚቆረጥ ነው አሉ። ቁጥሩን አልፋቅነውም፤ ያቺ «ከፓንዳ ነጻ» የምትለው ማኅተም የት ላይ እንዳረፈች ዘገባውን የፈረሙት ሁሉ መጥተው ሳይቸገሩ እንዲያዩት ነው። ግልገሉ ገና ዓይኑን አልገለጠም፤ ስለዚህ የእርስዎን ሥራ እስካሁን ያላየ የሸለቆው ነዋሪ እርሱ ብቻ ነው።