የአቶ ፍቃዱ ሞላልኝ የሕይወት ታሪክ፣ ከነዋንዛቸው

አቶ ፍቃዱ ሞላልኝ ከአባታቸው ከአቶ ሞላልኝ ይርጋና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት አስፋው በ1946 ዓ.ም. በቀወት ወረዳ፣ ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብላ በምትገኝ የገጠር መንደር ተወለዱ። ፊደል በቤተ ክርስቲያን ቆጥረው በሸዋ ሮቢት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። በ1970 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሸዋነሽ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሰብለንና አማኑኤልን አፍርተዋል።

ከ1974 ዓ.ም. እስከ ጡረታቸው ድረስ በችግኝ ጣቢያ አገልግለዋል። ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጡ ሕግ የከለከላቸውን የመንደሩን ዛፎች፣ ዋንዛውንም ወይራውንም፣ ከልጆቻቸው ለይተው አያዩም ነበር። መጥረቢያ ይዞ ያለፈ ሰው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ተጠይቋል። ለሠርግ ፍልጥ ሊፈልጥ የተጠራ እንኳ ምስክር ጠርቶ ነው ያለፈው።

እስከዚህ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሚቀጥለውን ግን እኔ የወንድማቸው ልጅ እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው ግራ ገብቶኛል።

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ በእሳቸውና በጎረቤታቸው በአቶ ሁሴን ማሳ ድንበር ላይ የነበረው ትልቁ ዋንዛ ተቆርጦ አደረ። ግንዱም ተወስዷል። ነገሩን ሊያጣሩ ለመጡት ሰዎች ጋሼ ፍቃዱ ቆራጩ እኔ ነኝ አሉ፤ ፍርድ ቤትም ቀርበው ቃላቸውን አልለወጡም፤ በገደብ ተቀጡ። ዛፉ ከመቆረጡ አስቀድሞ ግን ቀኝ ክንዳቸው ታሞ፣ መጥረቢያ ቀርቶ የውሃ ጆግ ማንሳት ይቸግራቸው ነበር። የዛፍ ጠባቂው ዛፍ በላ ተባለ፤ ወይዘሮ ሸዋነሽም አፍረው ገበያ መውጣት ተዉ። ይህን ልጻፍ ወይስ ልተወው ብዬ ሰብለን ባማክራት፣ "ከተውከው ሰው ያወራዋል፤ ከጻፍከው እኛ አናምነውም" አለችኝ።

ትናንት አቶ ሁሴን ለቅሶ መጥተው የባሰ ግራ አጋቡን። ዋንዛውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ለልጄ ለካሚል ቤት ማዋቀሪያ ነው፣ የወዳጄን ስም አጥሩልኝ አሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሩቂያ ግን ያን ሳምንት ሁለቱም ካራቆሬ ዘመድ ቤት ለቅሶ ላይ እንደነበሩ ነገሩን። አማኑኤል በትሕትና፣ ጋሼ ሁሴን፣ እስቲ ወላሂ ይበሉ ብሎ ጠየቃቸው። አቶ ሁሴን ሳይምሉ ተነሥተው ጫማቸውን አጠለቁ።

ምናልባት ጋሼ ፍቃዱ የቆረጡት አቶ ሁሴን ናቸው ብለው ጥፋቱን ተሸከሙላቸው፤ አቶ ሁሴን ደግሞ ዛሬ ብድር እየመለሱ ይሆናል። ታዲያ የቆረጠው ማን ነው? አላወቅንም።

አቶ ፍቃዱ ከሰኔ ወር ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በደብረ ብርሃን ሲታከሙ ቆይተዋል። በመጨረሻው ሳምንት ሰብለ ዋንዛውን ማን እንደቆረጠው ለምና ጠየቀቻቸው። የመለሱላት ቃል አንድ ነበር፤ "አቆጠቆጠ?" እሷም ሳታየው፣ አዎ አባባ አለቻቸው። እንቅልፍ ወሰዳቸው። በተወለዱ በ72 ዓመታቸው መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና አቶ ሁሴን በሐዘን ቀርተዋል።

ዛሬ ጠዋት ከቀብሩ በፊት ሰብለን ይዘን ወደ ድንበሩ ወረድን። ጉቶው አቆጥቁጧል። ከብት እንዳይበላውም ዙሪያውን በእሾህ ታጥሯል፤ ማን እንዳጠረው ብንጠይቅ እኔ ነኝ ያለ አልተገኘም።

የተከሉትን ጥላ ለሌላው ትተው የሄዱትን የጋሼ ፍቃዱን ነፍስ፣ እግዚአብሔር መጥረቢያ በማይደርስበት ጥላው ሥር ያሳርፍልን።