«ምንም ሳታይ» ላሉሽ

ውቤዋ፣ የኔ ጉድ፣ ከተለየሽኝ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ሰው ሁሉ ሐዘኑ ወጥቶለታል፤ እኔ ግን ይኸው አሁንም እንደተናደድሁ ነኝ።

ሞጣ ምን አዲስ አለ ብትይ፣ አባቴ ሱቁን ለኔ ለቆ ቤት ተቀምጧል። ጤና ጣቢያ ተመድበሽ ስትመጪ የተከራየሻትን የግቢያችንን ክፍል ለአንድ መምህር ሰጠናት። ጨዋ ሰው ነው፤ እንዳንቺ ጠዋት ጠዋት በመስኮት «ሰዓዳ፣ ተነሽ!» እያለ ግቢውን አይረብሽም፤ ስለዚህ አልወደድሁትም። ሥጋችን ለየብቻ ቢሆንም ሽሮአችን አንድ ድስት ነበር። እናቴ አሁንም ሽሮ ስትሠራ ታበዛዋለች።

ያናደደኝን ልንገርሽ። የተዘጋው መንገድ እስኪከፈት ጠብቄ የትውልድ አገርሽ ቢቸና ስደርስ ተቀብረሻል። ድንኳኑ ግን አልፈረሰም። አልቃሿ ደረቷን እየደቃች ምን ብትል ጥሩ ነው? ምንም ሳታይ፣ ወግ ሳይደርሳት፣ ልጅ ሳትታቀፍ! ድንኳን ሙሉ ሰው ይንሰቀሰቃል። ኧረ በአላህ! አንቺ፣ አዋላጇ፣ ነሽ ልጅ ያልታቀፍሽ? ከሞጣ መጥታ ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት ያዘለችውን ልጅ መጀመሪያ የታቀፈው ማን ሆነና ነው?

ብድግ አልሁና ውሸት ነው ብዬ ጮኽሁ። ያላገባችው ወዳ ነው፣ የኖረችው ስትስቅ ነው አልሁ። አንዷ አክስትሽ፣ አንቺ ደግሞ ምኗ ነሽ ብለው ነጠላዬን ጎትተው አስቀመጡኝ። ምኗ ነሽ! እኅትሽ ብሆን እኮ ይሰሙኝ ነበር። ለካ ለጓደኛ ሐዘንም አይፈቀድለትም። እናትሽ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ። አጠገባቸው ያለችውን ገፋ አድርገው ቦታ ሰጡኝ፤ እዚያ ተቀምጬ አለቀስሁ። ሌላው የሞተ ተጎዳ እያለ ንፍሮውን ቆርጥሞ ሄደ።

አንቺንም ተቀይሜሻለሁ። ሠላሳን አብረን እንሞላለን፣ ቆመው ቀሩ የሚሉንን አብረን እንስቅባቸዋለን ብለሽኝ አልነበር? አሁን አንቺ ሃያ ዘጠኝ ላይ ቁጭ አልሽ፤ እኔ ብቻዬን ልሞላው ነው።

አልረሳሽም። እነሱ እንዳለቀሱሽ ሳይሆን እንደኖርሽው ነው የማስታውስሽ። ስምሽን ምንም ሳታይ ብሎ የሚያነሣ ባለ ቁጥር፣ ነጠላዬን ቢጎትቱትም እነሣለሁ። የኔ ቀን ሲደርስ ግን፣ እኔንም እንዲሁ ሲሉኝ፣ ውሸት ነው ብለሽ የምትነሺልኝ አንቺ ነበርሽ።