መኪናው ቢጠፋም ግድ የለም በለው

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ጠዋት 12፡30። ቆቦ

የፍሬን ሸራው የላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። የባጃጅ ጎማ ከበሩ ጀርባ። የዘይት ማጣሪያ የሚፈልግ አሮጌውን ይዞ ይምጣ፣ በቃል አይሰጥም። ይህን ሁሉ ለትርንጎ ነገርኳት። ሚስቴ ናት፣ መደብሩን ከእኔ እኩል ታውቀዋለች። ወዴት እንደምሄድ የሚያውቁት እሷና አጎቴ አያ ሞላ ብቻ ናቸው።

ለእናቴ ዕቃ ላመጣ ነው አልኳት። ደብተሬ፣ ላንተ ግን አልዋሽም። የመኪና ውድድር ያለበትን ሜዳ ሁሉ ልዞር ነው። በዚህ ዕድሜዬ።

ማክሰኞ አንድ የዋጃ ሹፌር ኩሽኔታ ሊገዛ መጥቶ ስልኩን አሳየኝ። ቪዲዮ። መኪኖች ይሽከረከራሉ፣ ሕዝብ ይጮኻል። የት እንደሆነ አያውቅም፣ ከሰው የተላከለት ነው። አንዲት ሰማያዊ ላዳ በጎን ስታልፍ የግራ የኋላ በሯ ነጭ ነው። አራቴ አስደግሜ አየሁ። ከዚያ ኩሽኔታውን ጠቅልዬ ሸኘሁት። ፊቴ ምንም ያሳየ አይመስለኝም።

ያንን በር ያስገጠምኩት እኔ ነኝ። መኪናዋን ለታናሽ ወንድሜ ለሲሳይ የገዛሁለትም እኔ፣ ከቆቦ ዋጃ ሰው እንዲያመላልስባት። በሁለተኛው ወር በሩን ከጋሪ አጋጨው። ከመደብሬ ነጭ በር አውጥቼ ሰጠሁት። ሰማያዊ ልቀባው ሲል ከለከልኩት። በየቀኑ እያየኸው ተጠንቀቅ አልኩ። እናታችን እየሰማች ደግሞ፦ «ሌላ ጊዜ ይቺ መኪና ከተነካች ወደዚህ ቤት እንዳትመጣ።»

ጦርነቱ በመጣበት ክረምት አንድ ጠዋት ሰው ጭኖ ወጣ። አልተመለሰም። ሦስት ዓመት። አስከሬን የለም፣ መርዶ የለም። መርዶ ካልተነገረ አይለቀስም፤ እናቴ ጥቁር አልለበሰችም። መንገድ በወጣሁ ቁጥር እስከ በር ትሸኘኝና አንድ ቃል ትለኛለች። ዛሬም አለችኝ። «ካገኘኸው፣ መኪናው ቢጠፋም ግድ የለም በለው። ብቻውን ይምጣ።»

መኪናዋን ካገኘሁ የሸጣትን አገኛለሁ። ሲሳይ ይሁን ሌላ ሰው ያን ጊዜ ይለያል። ወይ እሱን ይዤ እመለሳለሁ፣ ወይ መርዶውን።

እሑድ፣ ኅዳር 7። ከቀኑ 10 ሰዓት። ኮምቦልቻ

የመጀመሪያው ሜዳ። ሜዳ እንኳ አይደለም፣ ገና ለመኪና ያልተከፈተ አስፋልት ነው። መታጠፊያው ላይ አሮጌ ጎማ ከምረዋል። ጎሚስታዎች፣ መካኒኮች፣ የታክሲ ሹፌሮች። አንድ መኪና ብቻውን ይለቀቃል፣ በርሜሎቹን ዞሮ ይመለሳል፣ ሰዓቱ በስልክ ይያዛል። ሄልሜቱ አንድ ነው። አንዱ አውልቆ ለሌላው ያቀብለዋል፣ ላቡ ሳይደርቅ። የድምፅ ማፈኛ ማርሚታ ያለው መኪና የለም፣ ሁሉም ፈትተው ጥለውታል። ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል።

ማይክ የያዘው ሰውዬ ሕዝቡን ያስቃል። ሰባት ቁጥር በርሜሉን ስቶ ገደል አፋፍ ላይ ሲቆም፦ «ሰባት ቁጥር ፍሬኑን እቤት ረስቶት ነው የመጣው! ሚስቱ ትላክልን!»

አንዱ ጎማው ክምር ውስጥ ገባ። ኮፈኑ ተጨራመተ። ባለ መኪናው ወፍራም ሰው ነው፣ እየሮጠ መጣ። እኔ ጥፊ ጠበቅሁ። መኪናውን ዞር ብሎም አላየው። ሹፌሩን ከውስጥ ጎትቶ አወጣና አገላብጦ ሳመው። ሕዝቡ አጨበጨበ።

እዚያው ብዙ ቆምኩ። አላጨበጨብኩም።

ሰማያዊዋ እዚህ የለችም። የሜዳው መካኒክ ጋሽ ይማም የሚባሉ ሽበታም ሰው ናቸው። የሚወዳደረውን መኪና ሁሉ ያውቃሉ። የላዳ በር እፈልጋለሁ አልኳቸው። የንግድ ሕጌ ነው፤ የፈለግከውን ዕቃ ስም አትጥራ፣ አጠገቡ ያለውን ጠይቅ። የተሰረቀ መኪና ከሆነ ስሟን መጥራት ማስደበቅ ነው።

አዩኝ አዩኝና አነጋገርህ የራያ ነው፣ ከቆቦ ነህ እንዴ አሉኝ። ከወልድያ ነኝ አልኩ። የቆቦ ሰውስ ታውቃለህ? አላውቅም። ሻይ ጋበዙኝ። ላዳ ከፈለግህ አዳማ ሂድ፣ እዚያ አይጠፋም አሉ። ደግ ሰው። ምንም ሳያውቁብኝ ተለየኋቸው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ከቀኑ 9 ሰዓት። አዳማ

ዛሬ የሚካኤል በዓል ነው፤ ውድድር የለም፣ ልምምድ ነው። ሜዳው ጥሻ ተመንጥሮ የተሠራ። አቧራው አቧራ አይደለም፣ ዱቄት ነው። መኪናው ይገባበታል፣ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ይዞራል። ከዚያ በሌላ በኩል ወጥቶ ይመጣል። በወጣ ቁጥር ልቤ ሰማያዊ ይጠብቃል። ቢጫ ነው። ነጭ ነው። ቀይ ነው።

ጎሚስታውን ጠየቅኩት፣ አሁንም በዙሪያው፤ ላዳ የሚነዱት ጎበዞች ናቸው ወይ? ሳቀብኝ። «አንዲት አለች፣ የሐዋሳዋ ሰላማዊት። እሷን ለመያዝ ሹፌር ሳይሆን ነፋስ መሆን አለብህ።» ቀለሟስ? «የሴትዮዋ ወይስ የመኪናዋ?» አለ። የመኪናዋ። ሰማያዊ። አንድ በሯ ግን ነጭ ነው፣ ቀቢው ደሞዝ የቀረበት ይመስላል አለ።

ሳቅሁለት። ጥርሴን ብቻ።

11 ሰዓት። ቤት ደወልኩ። ጠዋት ስደውል እናቴ ቤተ ክርስቲያን ናት ተብዬ ነበር። አሁንም አልመጣችም አለች ትርንጎ። ድምፅዋ ጎርንኗል። ጉንፋን ነው አለች። ዕቃው ይቅርብህና ና አለች፤ ምን ዕቃ? ዕቃ እንደማላመጣ ታውቃለች። አያ ሞላ ስልኩን ተቀበላት። በበዓል ቀን የራሱን ቤት ትቶ እኔ ቤት ምን ይሠራል? በልተሃል ወይ አለኝ። አብሮህ ሰው አለ ወይ? በቀን ተጓዝ፣ አትቸኩል።

ከመደብሩ የጎደለ ነገር አለ፣ እየደበቁኝ ነው። ስመለስ አጣራለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከቀኑ 8 ሰዓት። ሐዋሳ

አገኘኋት።

ሜዳው ከሐይቁ ራቅ ያለ ሣር ነው፤ ተሽከርክረው ተሽከርክረው ቀይ አፈር አድርገውታል። ሕዝቡ አጥር ላይ፣ ዛፍ ላይ፣ ጭነት መኪና ላይ። ላዳዋ አራተኛ ተለቀቀች። መታጠፊያው ላይ ጀርባዋ ተንሸራቶ በነጩ በር በኩል ዞረችልኝ። በርሜል መታች። በሩ ተጫረ። ሕዝቡ ጮኸ። እኔ በዚህ ሁሉ መሀል አንገቴን ሰበርኩ፣ እኔ የተጫርኩ ይመስል።

ሲሳይ ከሃምሳ በላይ ነድቷት አያውቅም። ጉድጓድ ባየ ቁጥር ወርዶ ይለካ ነበር። እኔን ፈርቶ።

ሰላማዊት አርባ የሚሆናት፣ የራሷ ጋራዥ ያላት ሴት ናት። መኪናሽን ልገዛ ነው አልኳት። ዙሪያዋን ዞርኩ፣ ሞተሩን አየሁ፣ አጣጣልኩ። እንደ ደንቡ። በሩ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። በበሩ ጠርዝ፣ ማጠፊያው ሥር፣ በመደብሬ ዕቃ ሁሉ ላይ የምጽፈው ቁጥር አለ። የእኔ የእጅ ጽሑፍ።

ከኋላዬ ሆና፦ «ጋሼ፣ የሚገዛ ሰው በር አይደባብስም።»

የዚያን ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ። ከቤት ከወጣሁ የመጀመሪያዬ። ሄልሜቱን ከእጇ አስቀመጠች። ብዙ አልጠየቀችም። ግባ አለችኝ። ቁልፍ የላትም፣ በሁለት ሽቦ ነው የምትነሣው። ስትገዛትም ቁልፍ አልነበራትም። ሁለት ዙር ወሰደችኝ። በሁለተኛው ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ከማን እንደገዛቻት ጠየቅሁ። ከኮምቦልቻው የሜዳ መካኒክ። ጋሽ ይማም።

ማታ ለቤት ደወልኩ። እናቴ ተኝታለች አሉ። በልተሃል ወይ አለኝ አያ ሞላ። እንደገና።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ጠዋት 4 ሰዓት። ኮምቦልቻ

ጋሽ ይማምን ሳያቸው እሳቸውም አይተውኛል፤ ስቀርብ ከተቀመጡበት ተነሡ። ከቆቦ ነኝ አልኳቸው። ሰማያዊ ላዳ ይነዳ የነበረው ወንድሜ ነው።

ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «ታዲያ ያን እሑድ ለምን አልነገርከኝም?» አሉ። «ሦስት ዓመት የራያ ቋንቋ የሰማሁበትን ሰው ሁሉ ጠይቄያለሁ። አንተንም ጠየቅሁህ።»

የነገሩኝን እንደሰማሁት እጽፋለሁ፣ በኋላ እንዳይለወጥብኝ።

ያን ቀን እሳቸው መኪና ሊጎትቱ ሄደው መንገድ ላይ ተይዘው ነበር፣ በሮቢትና በጎብዬ መካከል። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ታች ይሸሻል። አንዲት ሰማያዊ ላዳ አሮጊትና ሕፃን ጭና ትመጣለች፣ አራግፋ ትመለሳለች። ሦስት ጊዜ። በአራተኛው ድልድዩ ጋ ነዳጅ አለቀ። ሰዎቹ በእግር ሄዱ። ይማም ትተሃት ና አሉት። ሳቀ። ወንድሜ ያለ መኪና እንዳትመጣ ብሎኛል አለ። በነጩ በር ላይ ያለውን ጭቃ በእጅጌው ይጠርግ ነበር።

እንደዚያ አላልኩም። ከተነካች ነው ያልኩት። ግን ምን ልዩነት አለው?

ተኩስ ሲከፈት ይማም ሸሹ፤ ሲረግብ ተመልሰው መኪናዋ አጠገብ ሞቶ አገኙት። አንገቱ ላይ ማዕተብ ስላዩ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርገው ድልድዩ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ቀበሩት። ስሙን አያውቁም፣ በዚያ መንገድ ስም የሚጠያየቅ አልነበረም። መኪናዋን በኋላ ጎትተው ዓመት ያህል በሸራ ሸፍነው አቆዩ። አንዴ ቆቦ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ጠይቀዋል። ሁሉም የየራሱን የሚፈልግበት ጊዜ ነበር፣ የሰማቸው የለም። ቁልፉን ግን አልሸጥኩም አሉና ከኪሳቸው አወጡ። ከኪሳቸው! ቀይ ክር አለበት፣ እናቴ ያሰረችው።

«አብሽር፣ ወንድሜ» አሉኝ። ትከሻዬን ይዘው ቆዩ።

ያ ድልድይ። ለገበያ በወረድኩ ቁጥር አልፌዋለሁ። ዋርካው ሥር ቆሜ ሐብሐብ ገዝቻለሁ።

ከሰዓት 8። አውቶቡስ ውስጥ። አሁን ማሰብ ያለብኝ እናቴን ነው። መርዶ ሥርዓት አለው፤ መንገደኛም ይሁን አሮጊት መጀመሪያ ይብላ። አባታችን የሞተ ጊዜ እኔ ከመንገድ ስመለስ አያ ሞላ ጎብዬ ላይ ጠብቆኝ፣ አብልቶኝ፣ በእጁ አጉርሶኝ ነው የነገረኝ። ደወልኩለት። ነገ ጎብዬ ላይ እንገናኝ ልለው ስል ቀደመኝ፤ ነገ ጎብዬ ላይ እጠብቅሃለሁ አለ። ጥሩ። እሱ ይነግርልኛል። ዛሬ ወልድያ አድራለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ረፋድ 5 ሰዓት። ጎብዬ፣ ምግብ ቤት

አያ ሞላ ውጭ ስልክ ይዟል። በፍጥነት እጽፋለሁ።

መናኸሪያው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጢሙ አድጓል። ሲስመኝ ትከሻዬን ጠበቅ አደረገው። ስለ መኪናዋ አልጠየቀኝም። ለእሷ ብዬ ሀገር ዞሬ መጥቼ፣ አልጠየቀኝም። ቀጥታ ወደዚህ አስገባኝ። ጾም ነው፣ በያይነት አዘዘ። ብላ አለኝ። አንተ ብላ አያ አልኩት። አይ፣ አንተ መንገደኛ ነህ። አይ፣ አንተ ሽማግሌ ነህ። በትሪው ላይ ተያየን።

ከዚያ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። 

አያ ሞላ በሕይወቴ ያጎረሰኝ አንድ ቀን ብቻ ነው።

ጉርሻው አፌ ውስጥ እያለ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣ። ጉንፋኑ። በልተሃል ወይ። ቤተ ክርስቲያን ናት። ተኝታለች። አትቸኩል። ኩሽኔታ መበላሸቱን በድምፁ ከሩቅ የምለይ ሰው፣ አምስት ቀን ሙሉ ሰምቼ አልሰማሁም። ከመደብር የጎደለ ነገር ስፈልግ ነበር።

ዋጥኩት። ማኘክ አልቻልኩም፣ ግን ዋጥኩት።

ጋሽ ይማም ከቆቦ ነህ ወይ ሲሉኝ አዎ ብል ኖሮ፣ በማግስቱ ሰኞ እቤቴ ነበርኩ። እናቴ ያን ሰኞ በሕይወት ነበረች፤ በስልክ አነጋግራኛለች። ብነግራት ይሻል ነበር ወይ፣ አላውቅም። አጠገቧ እሆን ነበር። መልእክቷ አሁንም እጄ ላይ ነው፤ የማደርስለት የለም፣ የላከችውም የለችም።

ወሰንኩ። መርዶውን ከአፉ አልነጥቀውም። እንደ ሥርዓቱ ይንገረኝ፣ እንደማያውቅ ሆኜ እሰማዋለሁ። እሱ የእኔን አያውቅም። ሲሳይን መንዳት ያስተማረው እሱ ነው፤ አሁንም ይመጣል ብሎ ያምናል። ከሱ ቀጥዬ እነግረዋለሁ። ከዚያ አብረን ድልድዩ ጋ እንወርዳለን። የእናቴ የለቅሶ ድንኳን እንደተተከለ ይቆያል፤ ለሁለት ይለቀስበታል።

ተመለሰ። እጁን እየታጠበ ነው። ከትሪው በእሱ በኩል ያለው እንጀራ አልተነካም።

መጀመሪያ ይብላ።